የሞላሁት ቦታ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እየዘረዘርኩ ትልቁን ይዤው ተመልሻለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አንዲት ሴት ታውቀዋለች። ከእሷ ቀጥሎ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ታደለ እባላለሁ። ሰዓሊ ነኝ፤ ሰበታ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ እኔ ብትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ነው። “ቅርጹን ሳይሆን በቅርጾቹ መሃል ያለውን ቦታ እዩ ይለናል” ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፣ እላለሁ። እንደ ራሴ ግኝት አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምለው። ግን የእኔ አይደለም። ያስተማሩኝ ሰው አፈር ውስጥ ናቸው። ከሁላችንም በላይ የገባት ልጅ ደግሞ ብሩሽ ከጣለች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ያስጣልኳት እኔ ነኝ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፍ ነበር፤ የሥጋ ቤት፣ የጋራዥ፣ የፀጉር ቤት። እጄ የተባረከ ነበር። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አሰምር ነበር። ደንበኞቼ የሚጠሉት ነገር ቢኖር ባዶ ቦታ ነው። “እዚህ ጋ ለምን ክፍት ተውከው? የበሬ ጭንቅላት ጨምርበት” ይሉኛል፤ እጨምራለሁ። “ከታች ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጻፍበት” ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። ሞልቶ የተጨናነቀ ሰሌዳ ጥሩ ሰሌዳ ነበር። ሥዕል ማለትም ይኸው ይመስለኝ ነበር።

ቡራዩ ውስጥ ጡረታ የወጡ የሥዕል አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢያቸው እንደሚያስተምሩ የነገረኝ ቀለም የምገዛው ሰውዬ ነው። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ከሰበታ ቡራዩ በአሞራ መንገድ ቢሆን ቅርብ ነው፤ በታክሲ ግን አለም ገና፣ አየር ጤና፣ ከዚያ ከተማውን ዞሮ አስኮ፣ ከአስኮ ደግሞ ቡራዩ። የመጀመሪያው ቀን ስደርስ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር። ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት የእንጨት ዱካዎች ደራርበው አስቀምጠዋል።

“ኢጆሌ” አሉን። ልጆች ማለታቸው ነው፤ አባወራ ተማሪም ቢኖር ለእሳቸው ሁላችንም ኢጆሌ ነን። “ዱካዎቹን ተዉአቸው። በእግሮቻቸው መሃል ያለውን አየር ሳሉልኝ። አየሩን በትክክል ከሳላችሁት ዱካው ራሱ ይመጣል።”

በልቤ ሳቅሁባቸው። አየር እንዴት ይሳላል? ዱካዎቹን ሳልኩ፤ የእንጨቱን ጅማት ሳይቀር፣ የሚስማሩን ራስ ሳይቀር። ሌሎቹም እንደኔው ዱካ ሳሉ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች፣ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ግን ክፍተቶቹን ብቻ በከሰል አጠቆረች። ዱካዎቹን ጫፋቸውን እንኳ አልነካቻቸውም። ስትጨርስ ሁለቱ ዱካዎች ነጭ ሆነው ከጥቁሩ መሃል ወጥተው ቆመዋል። ኦቦ ገመቹ ከኋላዋ መጥተው አጎንብሰው አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው አለፉ። የእኔን ሲያዩ “እጅህ ጥሩ ነው” ብቻ አሉኝ።

ያቺ ልጅ ሀያት ናት። አባቷ አቶ ሸምሱ ቡራዩ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ልጅነቷን ያሳለፈችው ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ነው። መንገዱን የምታየው በተንጠለጠሉት ቀሚሶች መሃል በሚቀረው ስንጥቅ ስለነበር፣ ሰው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚታያት ስንጥቁ ነው፤ ሰውዬው ቀጥሎ ነው። ይህን የነገረችኝ እንዴት እንደዚያ ልትስል እንደቻለች ስጠይቃት ነው። ምንም አልደበቀችኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምንም አልደበቀችኝም። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ እስከ ታክሲው ድረስ አብረን እንወርድ ነበር፤ እኔ ስጠይቅ እሷ ስትመልስ። አንድ ቀን የሰበታን ገበያ የሳልኩበትን ሸራ አሳየኋት። ሰው፣ አህያ፣ ጆንያ፣ ዣንጥላ፣ በግ፣ የቀረ የለም።

“ታዴ፣ እዚህ ውስጥ ስንት በግ አለ?” አለችኝ።

ቆጠርኩና “አሥራ አንድ” አልኳት።

“ሰባቱን ሽጣቸው።”

ሳቅን። ቤቴ ሄጄ ሰባቱን በጎች በመሬቱ ቀለም ሸፈንኳቸው። ሥዕሉ ያን ጊዜ ተነፈሰ። ይህን ሥዕል አስታውሱት፤ በኋላ የተመረጥኩት በእሱ ነው።

በዚያ ዓመት የሀያት ታላቅ ወንድም ኑረዲን ሞተ። ለአባቱ ጨርቅ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ነው። ሱቁ በር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረ። አመሻሽ ላይ ገበያው ሲበርድ አባትና እናት በሁለቱ ጫፍ፣ ኑረዲን ደግሞ በመሃል ይቀመጡበት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ጫፍ ጫፉን ይዘው ይቀመጣሉ። ማንም ወደ መሃል አልተጠጋም። ሀያት ይህን ልትስል ፈለገች። አባቷ ሲሰሙ ለመኗት፤ “ፊቱን ሠርተሽ አታሳዪኝ፣ አልችልም” አሏት። እሷም “እሱን አልስለውም አባዬ፤ ቦታውን ብቻ ነው” አለቻቸው። አባትየው አልገባቸውም፤ ግን ፈቀዱላት።

ሦስት ወር ሠራችበት። የአባቷን ትከሻ ወደ መሃል ትንሽ ዘመም አደረገችው። የእናቷን ክርን ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን ሸሸት አደረገችው። በመሃላቸው የሱቁ ግድግዳ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሌላ አንድም ነገር የለም። ያ ቢጫ ከላይ ጠበብ ብሎ ከታች ይሰፋል። ዝም ብላችሁ ካያችሁት ሰው ተቀምጦበታል። ፊት የለውም፣ እጅ የለውም፤ ግን አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን የማላውቀው ወንድሟ ናፈቀኝ። ከዚያ ወዲያው፣ እዚያው ቆሜ፣ ቀናሁ።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። ኦቦ ገመቹ አንድ መጥፎ ልማድ ነበራቸው፤ የተማሪን ሥራ ሲያዩ እጃቸው አይታገሥም፣ ብሩሽ ተቀብለው ያርሙታል። አንድ ጊዜ የሀያትን ሥራ ሳያስፈቅዷት አርመውባት አለቀሰች። ደነገጡና ዳግመኛ ሥራዋን እንደማይነኩ በሁላችንም ፊት ቃል ገቡላት። ቃላቸውን ጠበቁ። እንደጠበቁ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

በዓመቱ መጨረሻ ኦቦ ገመቹ የሥራችን ትርኢት አዘጋጁ። ቡራዩ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራዩ። አዲስ አበባ ያለ ስመ ጥር ሰዓሊ መጥቶ አንድ ተማሪ ሊመርጥና ለአንድ ዓመት ስቱዲዮው ወስዶ ሊያሠራ ተስማማ። ማን እንደሚመረጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሥዕሎቹን የምሰቅለው እኔ ሆንኩ፤ መዶሻና ሚስማር የለመደ እጅ ያለው እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ገፈርሳ ለቅሶ ነበረባቸውና የአዳራሹን ቁልፍ ሰጥተውኝ ሄዱ። ሀያት ሸራዋን በአንሶላ ጠቅልላ አምጥታ አስረከበችኝ። እናቷን አሟት ስለነበር ቸኩላለች፤ ኦቦ ገመቹ ለቅሶ መሄዳቸውን እንኳ አላወቀችም። “አደራ ታዴ” አለችኝ፤ “ነገ አባዬ ራሱ ሊያየው ይመጣል። ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ስቀልልኝ።”

አደራ። በእኛ አገር ከዚህ የሚከብድ ቃል አለ እንዴ?

ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ሰቀልኩት። ልክ እንዳለችኝ። ከዚያ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ያንን ቢጫ ቦታ ታሞቀዋለች። የእኔ ገበያ ከጎኑ ተሰቅሏል፣ አራት በጎቹን ይዞ። አንዴ የእሷን፣ አንዴ የእኔን አየሁ። ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? “ያላለቀ ይመስላል” ብዬ አሰብኩ። “መሃሉ ባዶ ነው፤ እንግዳው ሰዓሊ ሰነፍ ናት ይላታል” ብዬ አሰብኩ። “ጓደኛዋ ነኝ፣ ላግዛት” ብዬ አሰብኩ። ለዓመታት ራሴን ያባበልኩት በዚህ ነው። ውሸት ነው። ባዶ እንዳልነበረ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ስላወቅሁ ነው ያደረግሁት።

የቀለም ሣጥኔን ከፈትኩ። ጠፍጣፋውን ብሩሽ ያዝኩ። በአባትየውና በእናትየው መሃል መደርደሪያ ሳልኩ። በመደርደሪያው ላይ ጣቃ ጣቃ ጨርቅ ደረደርኩ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አበባ። ከላይ አንድ ቀሚስ አንጠለጠልኩ። አግዳሚው ላይ፣ ኑረዲን ይቀመጥ በነበረበት፣ ፔርሙስ አስቀመጥኩ። ቆንጆ ፔርሙስ ነበር፤ የክዳኑ ብልጭታ ሳይቀር ወጥቶልኛል። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። እሷ ሦስት ወር የደከመችበትን እኔ በአንድ ሰዓት ሞላሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ነው ዛሬ ድረስ የማልረሳው፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ብሩሼን አጠብኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ሰበታ ገባሁ፤ እራቴንም በላሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ኦቦ ገመቹ ከለቅሶ ቤት በቀጥታ መጥተው በር ላይ እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ ሥዕሎቹን ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኙም። አራት ሰዓት ገደማ ሀያት አባትና እናቷን ይዛ ገባች። አቶ ሸምሱ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ወንድ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከሱቅና ከመስጊድ ሌላ የትም ሲሄዱ የመጀመሪያቸው መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ሀያት እጃቸውን ይዛ እያሳሳቀች ታመጣቸዋለች፤ ዓይኗ እሳቸው ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ሥዕሉ ፊት አቆመቻቸው።

አቶ ሸምሱ አዩ። ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ቀስ ብለው፣

“ሀያቴ፣ ቦታው የታለ?” አሏት።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው። እጇን ዘርግታ ፔርሙሱን ነካችው። ገና እርጥብ ስለነበር ጣቷ ላይ ቀለም ቀረ። ጣቷን አየችው። እናትየው “ምን ሆንሽ?” ይሏታል። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆሙት ወደ ኦቦ ገመቹ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ።

“ቃል ገብተውልኝ ነበር” አለቻቸው። “የወንድሜን ቦታ ነው የሞሉት። ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪዬ አይደሉም።”

ኦቦ ገመቹ ምን እንደምትል አልገባቸውም። ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ያለ ማስመሪያ የተሰመረውን መደርደሪያ አዩ፤ የጨርቆቹን ጠርዝ አዩ፤ እንደ ፊደል የጠራውን የብሩሽ ጫፍ አዩ። የእያንዳንዳችንን እጅ እንደ ልጆቻቸው ድምፅ የሚለዩ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ፊቴን አይተው ወደ እጄ ወረዱ፤ ጥፍሬ ሥር ቡናማ ቀለም ቀርቶ ነበር። ጠበቁኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ እሳቸውን ያያል፣ እሳቸው እኔን ይጠብቃሉ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። አፌን ልከፍት እችል ነበር። “እኔ ነኝ” ማለት ሁለት ቃል ነው። ጫማዬን አየሁ።

ያን ጊዜ ወደ ሀያት ዞረው፣ “ልጄ፣ በእጄ ሳለ ነው የተበላሸብሽ። ይቅር በይኝ” አሏት።

በኃላፊነቴ ሥር ሳለ ማለታቸው ነበር። እሷ ግን እንደ ማመን ቆጠረችው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የቆጠረው። የአባቷን ክንድ ይዛ ወጣች፣ ሸራውን ግድግዳው ላይ ጥላው። አቶ ሸምሱ በሩ ጋ ሲደርሱ አንዴ ዞረው ሥዕሉን አዩት። ያ አስተያየታቸው ዛሬም ይከተለኛል። ሰውዬው ልጃቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀሙ ያየሁት እኔ ነኝ። የቀማሁትም እኔ።

እንግዳው ሰዓሊ አርፍዶ መጣ። የሆነውን አልሰማም። የሀያት ሥራ ፊት ቆም ብሎ “ጥሩ ትሆን ነበር፤ መሃሉን አፈነችው” ብሎ አለፈ። የእኔ ገበያ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። “ይኼ ልጅ መተው ያውቃል” አለ። መተው ያውቃል! ሰባቱን በግ ያሸጠችኝ ልጅ ያን ሰዓት ቤቷ እያለቀሰች ነበር። እኔ ግን እጁን ጨብጬ አመሰገንኩ።

ስቱዲዮው ሄድኩ፤ አንድ ዓመት ሠራሁ። እዚያ ስለ ክፍተት፣ በሁለት ነገሮች መሃል ስለሚቀረው ቦታ ስጠየቅ የምመልሰው የሀያትን ቃል ነበር። በቀሚሶች መሃል ስለሚታየው መንገድ እንኳ አወራሁ፤ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ አስመስዬ። በሥዕሎቼ ተወደስኩ። ሰው ሲያወድሰኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡራዩ ውስጥ ግን ወሬው ተዛመተ። ኦቦ ገመቹ በተማሪ ሥራ ላይ ቀለም ይደፋሉ ተባለ። አንዱ ወላጅ ልጁን አስቀረ፣ ሌላውም ተከተለ። ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱ ቆመ። ቀጥለው ታመሙ። መታመማቸውን ሰምቼ ሄድኩ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ሰጥተውኝ ወጡ። ስለ ሕመማቸው አወራን። በመጨረሻ ለምን ያን ቀን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው።

“እኔ ብነግራት ራሱን ለማዳን ልጁን ከሰሰ ነው የምትለው” አሉኝ። “አንተ ስትነግራት ነው የምታምነው። እየጠበቅሁህ ነው።”

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ቅዳሜው መጣና ሄደ። ሌላውም። ሥራ በዛብኝ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ዝናብ መጣ። ኦቦ ገመቹ እየጠበቁኝ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ ነኝ። ሰው ሲበተን አዴ ጫልቱ ወደ እኔ መጥተው “ያቺ ልጅ አልመጣችም?” አሉኝ። አልመጣችም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ታዲያ ያኔስ ምን ከለከለኝ? ሰውዬው ከሞቱ በኋላ የምፈራው ማንን ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ ሲሞቱ እፎይ አልኩ። ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ ሰው የለም አልኩ።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰበታ ውስጥ የራሴን ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ባለፈው ወር፣ ሱሉልታ አንድ ሆቴል የግድግዳ ሥዕል አሠርቶኝ እዚያ ሰነበትኩ። ለሸራ የሚሆን አቡጀዲ ፈልጌ መንገድ ዳር ያለ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ኋላ ያለችው ሴት መነጽር አድርጋ አቡጀዲ እየለካች ነው። ቀና ስትል ሀያት ናት።

“ታዴ!” አለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አስመጣችልኝ። የሱሉልታ ሰው አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። አባቷ እንደሞቱ ነገረችኝ። ስለ ሥራዬ እንደምትሰማ፣ ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ትስያለሽ ወይ አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ ይዤ አላውቅም አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

“ሰውዬው መሞቱን ሰምቻለሁ” አለች፤ አንቱ ትላቸው የነበረችው ልጅ። “ቀብሩ አልሄድኩም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ሥዕል ያነሳ ነበር። እስካሁን ይቅር ማለት አቅቶኛል።”

ሻይዬን ጠጣሁ። አቡጀዲዬን ይዤ ወጣሁ። እንደገና አልተናገርኩም! በመኪና ወደ ሆቴሉ ስመለስ ግን ነገሩ በአዲስ መልክ ታየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያደረግሁት በደል ያለፈ፣ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። አልተዘጋም። ይህች ሴት በእኔ ውሸት አንድ ንጹሕ ሰው በየቀኑ እየጠላች ትኖራለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእኔን ኃጢአት እሷ ናት የተሸከመችው። ወንድሟን ብቻ አልነበረም ያሳጣኋት፤ አስተማሪዋንም ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። አልቀመጥም አልኳት። ቆሜ ነገርኳት፤ ቁልፉን፣ ወንበሩን፣ ጠፍጣፋውን ብሩሽ፣ ፔርሙሱን፣ እንግዳው ያለውን፣ ኦቦ ገመቹ አልጋቸው ላይ ያሉኝን። ምንም አላስቀረሁም። እያወራሁ ሳለ አንዲት ደንበኛ ገባች። ሀያት ሦስት ሜትር ጨርቅ ለካችላት፣ ቆረጠችላት፣ አጥፋ ሰጠቻት። መቀሷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ዘወር አለች።

“አስተማሪዬ አይደሉም አልኳቸው” አለች። “በሰው ፊት።”

“አዎ።”

“ቀብራቸው አልሄድኩም።”

ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ስጀምር እጇን አነሳች።

“ቆይ። መጀመሪያ እኔ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለኝ። ባለቤታቸው በሕይወት አሉ?”

አሉ አልኳት፤ እዚያው ቡራዩ፣ እዚያው ግቢ። ልውሰድሽ አልኳት። መንገዱን አውቀዋለሁ አለችኝ። ልወጣ ስል ጠራችኝ። “ለእኔ ነገርከኝ” አለች። “በአዳራሹ የነበሩት ሰዎችስ? እሳቸውን ያዋረድኳቸው በእነሱ ፊት ነው።”

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። አዴ ጫልቱ ጋ ሄዳ እግራቸው ላይ ወድቃለች። አንስተው አቅፈዋታል፤ ሁለቱም አልቅሰዋል። ከዚያ አዴ ጫልቱ ከጓዳ አንድ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አወጡላት። ሸራዋ ነው። ኦቦ ገመቹ ከአዳራሹ ወስደውት ኖሯል። ከዚያ ቅዳሜ ማግስት ጀምረው፣ እስኪታመሙ ድረስ፣ በጥጥና በምላጭ የእኔን ቀለም ከእሷ ቀለም ላይ ሲያነሱ ከርመዋል። የታችኛው እንዳይጎዳ በቀን የጥፍር ያህል ብቻ ነበር የሚሠሩት። አዴ ጫልቱ “ምን ያደርግልሃል፣ ዓይንህን ትጨርሳለህ” ሲሏቸው፣ “የሰው ቦታ ነው” ይሏቸው ነበር።

“በእናቴ በኩል ያለውን ጨርሰውታል” አለችኝ። “ቢጫው እንዳለ ነው። በአባቴ በኩል ያለው ቀርቷል። እሱን እኔ አነሳዋለሁ።”

ቀለሙን የማውቀው እኔ ነኝ፣ መጥቼ ላግዝሽ አልኳት።

“አይሆንም” አለች። “አንተ እንዳትነካው።”

ስልኩን ዘጋች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። የምትለኝ ቀን ከመጣ በራሷ ጊዜ ትለኛለች። ካልመጣም ልክ ናት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሷም ወጣት ነበረች። ድሃ ነበርኩ፣ ዕድል ያስፈልገኝ ነበር አልልም፤ ዕድሉ የእሷ ነበር። እናንተንም ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ያን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከነበራችሁ፣ ወይም የነበረ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ይህን ንገሩልኝ፤ ኦቦ ገመቹ ሥዕሉን አልነኩትም። የነካሁት እኔ ነኝ፣ ታደለ።